የአደጋ ጊዜ ሬድዮ ወደ ዲጂታል ሲሸጋገር ያልተዘጋው የሽፋን ክፍተት

የኒውዮርክ ከተማ የእሳት አደጋ መከላከያ መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በማርች 2001 ለሠራተኞቹ ያደላቸውን አዳዲስ ዲጂታል የእጅ ሬድዮዎች ሥራ ላይ ካዋለ ከቀናት በኋላ መልሶ ለመሰብሰብ ተገዷል። ለውሳኔው ምክንያት የሆነው በከተማዋ የኩዊንስ ክፍል በተነሣ የቤት ቃጠሎ ወቅት መውጫ የጠፋበት አንድ ሠራተኛ በሬድዮው ያሰማውን የድረሱልኝ ጥሪ በቅርብ ርቀት የነበሩ ባልደረቦቹ ሳይሰሙት መቅረታቸው ነበር። ሠራተኛው በሕይወት ቢወጣም መሥሪያ ቤቱ ወደ አሮጌዎቹ የአናሎግ ሬድዮዎች ተመልሷል። የከተማዋ የሒሳብ ተቆጣጣሪም ሬድዮዎቹ በቂ የመስክ ሙከራ ሳይደረግባቸው ተገዝተው መታደላቸውን ነቅፈዋል።

ከዚያን ጊዜ ወዲህ የበርካታ አገሮች የፖሊስ፣ የእሳት አደጋና የአምቡላንስ አገልግሎቶች የሬድዮ መገናኛቸውን ከአናሎግ ወደ ዲጂታል አሸጋግረዋል። በሰሜን አሜሪካ ዝግጅቱ እ.ኤ.አ. በ1989 የተጀመረውና ፕሮጀክት 25 በመባል የሚታወቀው ደረጃ፣ በአውሮፓ ደግሞ ቴትራ የተሰኘው ደረጃ ለሽግግሩ መሠረት ሆነዋል። ሽግግሩ የራሱ በቂ ምክንያት አለው። የሬድዮ ሞገድ ውስን ሀብት በመሆኑ በአንድ የሞገድ ስፋት ላይ ብዙ ተጠቃሚዎችን ማስተናገድ አስፈላጊ ነው። ዲጂታሉ የፖሊስን ንግግር ከወንጀለኛ ጆሮ ለመሰወር፣ የተናጋሪውን ማንነት ለማወቅና የተለያዩ መሥሪያ ቤቶችን በአንድ ኔትወርክ ለማገናኘት ያስችላል። ይሁን እንጂ ይህ ሁሉ ጥቅም የሚገኘው ሞገዱ ሠራተኛው ካለበት ቦታ ሲደርስ ብቻ ነው። በተለያዩ አገሮች ከደረሱ አደጋዎች በኋላ የወጡ የምርመራ ሪፖርቶች ደጋግመው የሚያነሡትም ይህንኑ የሽፋን ጉዳይ ነው።

በሁለቱ ስልቶች መካከል ያለውን ልዩነት ለመረዳት የቴሌቪዥን ተመልካቾችን ልምድ ማስታወስ ይበቃል። በቀድሞው የጣሪያ አንቴና ዘመን ሞገዱ ሲደክም ምስሉ በረዶ የሚዘንብበት እየመሰለ፣ ድምፁም እየተንሿሿ ይቀጥል ነበር፤ ተመልካቹ ሙሉ በሙሉ ባያይም የሚሆነውን ይከታተላል። በዲሽ የሚመጣው ዲጂታል ምስል ግን ከባድ ዝናብ እስኪመጣ ድረስ እንደ መስታወት የጠራ ነው። ዝናቡ ሲመጣ ደግሞ ወደ ትንንሽ አራት ማዕዘኖች ይበታተንና ባለበት ደርቆ ይቀራል። በሁለቱ መካከል ያለው ጊዜ አጭር ነው። ለተመልካች ይህ የአንድ ኳስ ጨዋታ ማምለጥ ሊሆን ይችላል፤ ጭስ በሞላው ምድር ቤት ውስጥ ላለ ሰው ግን ትርጉሙ ሌላ ነው።

ይህ የሚሆንበት ምክንያት በሬድዮው ውስጥ ባለው አሠራር ይገለጻል። በፕሮጀክት 25 የመጀመሪያ ምዕራፍ ሬድዮዎች የተናጋሪው ድምፅ በየ20 ሺህኛ ሴኮንዱ እየተቆረጠ በ88 ቢት ብቻ ይገለጻል፤ በላዩም ስሕተት ለማረም የሚያገለግሉ 56 ቢቶች ይታከሉበታል። በሰኮንድ ሲሰላ ለድምፁ 4 ሺህ 400፣ ለእርማቱ 2 ሺህ 800 ቢት ይደርሳል ማለት ነው። ሞገዱ በመጠኑ ሲደክም የእርማቱ ክፍል የተበላሸውን እያቃና ድምፁን የጠራ አድርጎ ያቆየዋል። በዚህ ክልል ውስጥ ዲጂታሉ ከአናሎጉ የተሻለ መሆኑን ማንም አይክድም፤ እንዲያውም የሽፋኑ ጠርዝ እስኪደርስ ድረስ ሽሽታ የሌለበት ድምፅ ይሰጣል። ስሕተቱ ከእርማቱ አቅም ባለፈ ጊዜ ግን ድምፁ የሮቦት ጉርምርምታ ይሆንና ወዲያውኑ ይቋረጣል።

በአናሎጉ ዘመን የሠለጠነ የእሳት አደጋ ሠራተኛ ሽሽታው ሲበረታ ከሽፋን እየወጣ መሆኑን ያውቃል፤ ሁለት እርምጃ ወደ መስኮት ይጠጋል ወይም ባልደረባውን ወደኋላ ይልካል። ጆሮው በሽሽታ መካከል ቃላትን መለየት የለመደ ነው። ዲጂታሉ ይህን ማስጠንቀቂያ አስቀርቷል። ዝምታው ማንም አለመናገሩን ይሁን መሣሪያው አለመቀበሉን ሰሚው በጆሮው መለየት አይችልም።

ሌላው የችግሩ ምንጭ ሽፋን የሚለው ቃል በግዢ ውል ላይ ያለው ትርጉም ነው። ብዙ ውሎች ኔትወርኩ ከአገልግሎት ክልሉ 95 በመቶ የሚሆነውን እንዲሸፍን ይጠይቃሉ። የድምፁ ጥራትም ከአንድ እስከ አምስት በሚደርስ መለኪያ ይመዘናል፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚጠየቀው 3.4 ሲሆን፣ ይህም ንግግሩ እንዲደገም የሚጠየቀው ከስንት አንዴ ነው ማለት ነው። ቁጥሩ ጥሩ ቢመስልም የቀረው 5 በመቶ የት እንደሚገኝ አይናገርም። መለኪያው ጎዳና ላይ ከሆነ በፎቅ ሕንፃ ምድር ቤት፣ በሆስፒታል ውስጠኛ ክፍሎችና በባቡር ዋሻ ውስጥ ያለውን አያሳይም። በመኪና ጣሪያ ላይ በተተከለ አንቴና የተለካ ሽፋንም ቀበቶ ላይ ከተንጠለጠለ ሬድዮ ጋር አይመሳሰልም፤ የሰው አካል ራሱ ሞገዱን ይውጣልና።

ከዚህም በላይ መስመሩ ሁለት አቅጣጫ አለው። ከማማው የሚለቀቀው ኃይል ከፍተኛ ሲሆን የእጅ ሬድዮው የሚያሰራጨው ግን በአብዛኛው ከ3 እስከ 5 ዋት ብቻ ነው። በዚህ የተነሣ ከሕንፃ ውስጥ ያለው ሠራተኛ አዛዡን እየሰማ አዛዡ እርሱን የማይሰማበት ሁኔታ ይፈጠራል። ካርታው የሚሳለው ከማማው በሚወርደው ሞገድ ብቻ ከሆነ፣ ይህ ክፍተት በወረቀት ላይ ከነአካቴው አይታይም።

በርካታ ማማዎች አንድን ንግግር በአንድ ጊዜ በተመሳሳይ ሞገድ በሚያሰራጩባቸው ኔትወርኮች ደግሞ ለሰሚ እንግዳ የሆነ ክስተት ይታያል። ሬድዮው ከሁለት ማማዎች የሚመጣውን ሞገድ በእኩል ጥንካሬ ቢቀበልና አንደኛው ማማ ከሌላው በ15 ኪሎ ሜትር የሚርቅ ቢሆን፣ ከሩቁ የሚመጣው በ50 ሚሊዮንኛ ሴኮንድ ያህል ይዘገያል። ለአናሎግ ንግግር ይህ መጠነኛ ማስተጋባት ነው። ለዲጂታሉ ግን የቢቶቹ መደራረብ በመሆኑ ንግግሩን እስከ ማጥፋት ሊደርስ ይችላል። ሬድዮው ሙሉ ሲግናል እያሳየ ድምፅ የማይወጣባቸው ሥፍራዎች የሚፈጠሩት በዚህ ምክንያት ነው፤ ለዚህ ዓይነቱ ቦታ ተጨማሪ ማማ መትከል ሁልጊዜ መፍትሔ አይሆንም፤ አንዳንዴም ያባብሰዋል።

የእሳት አደጋ ሠራተኞች ከፖሊሶች ይልቅ በዲጂታሉ ላይ ቅሬታ የሚያበዙበት ተጨማሪ ምክንያትም አላቸው። ድምፁን ወደ ቢት የሚቀይረው ሶፍትዌር የተቀረጸው የሰውን ንግግር ለይቶ ለመግለጽ ነው። የሞተር መጋዝ፣ የውኃ ግፊት ወይም የማስጠንቀቂያ ደወል ከንግግሩ ጋር ሲደባለቅ ሶፍትዌሩ ሁሉንም እንደ ንግግር ለመተርጎም ይሞክርና የተዘበራረቀ ድምፅ ያወጣል። በአሜሪካ የንግድ ሚኒስቴር ሥር በቦልደር ኮሎራዶ የሚገኘው የቴሌኮሙኒኬሽን ምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. በ2008 ይፋ ያደረገው የሙከራ ውጤት፣ በአንዳንድ የጫጫታ ዓይነቶች ውስጥ በዲጂታል ሬድዮ የተላለፈ ንግግር በአናሎግ ከተላለፈው ያነሰ መሰማት እንዳለው አረጋግጧል። ችግሩ ከጎላባቸው ሁኔታዎች አንዱ የመተንፈሻ ጭምብል ያጠለቀ ሠራተኛ በደወል አጠገብ ሲናገር ነው። ይህ ደወል ሠራተኛው ሳይንቀሳቀስ ሲቀር አደጋ እንደደረሰበት ለማሳወቅ በራሱ የሚጮኽ መሣሪያ ነው። ሰውየውን ለማትረፍ የተሠራው ደወል የሰውየውን የድረሱልኝ ቃል መሸፈኑ የነገሩ አሳዛኝ ገጽታ ነበር።

ዓለም አቀፉ የእሳት አደጋ መከላከያ ኃላፊዎች ማኅበር በዚያው ዓመት በባለሙያዎች ቡድን ባስጠናው ሪፖርት ሠራተኞች ማይክሮፎኑን ከጭምብሉ የድምፅ መውጫ አጠገብ አስጠግተው እንዲናገሩ፣ መሥሪያ ቤቶችም ሬድዮዎቹን በእውነተኛ የቃጠሎ ሁኔታ እንዲፈትሹ መክሯል። ከዚያ ወዲህ የወጡት ሶፍትዌሮች ጫጫታን የመቋቋም አቅማቸው ተሻሽሏል።

ከሁሉ የከበደው ግን በሽግግሩ አብሮ የሚመጣው የኔትወርክ አሠራር ለውጥ ነው። በቀድሞው ቀጥታ ግንኙነት በአንድ ምድር ቤት ውስጥ በአሥር ሜትር ርቀት ያሉ ሁለት ሠራተኞች ያለ ምንም ማማ ይነጋገራሉ። ቻናልን በኮምፒዩተር በሚያከፋፍለው ኔትወርክ ግን ሬድዮው አስቀድሞ ማማውን ፈቃድ መጠየቅ፣ ማማውም መመለስ ይኖርበታል። ማማው ካልተገኘ ሠራተኛው ከክልል ውጪ መሆኑን የሚያመለክት ድምፅ ሰምቶ ይቀራል፤ አጠገቡ ያለው ባልደረባም አይሰማውም። ይህ አሠራር በአናሎግም የነበረ በመሆኑ የዲጂታል ብቻ ጉድለት ተደርጎ ሊወሰድ አይገባም። ሆኖም ብዙ ከተሞች ሁለቱን ለውጦች በአንድ ቀን ሲያደርጉ ሠራተኛው የጠፋበትን ነገር የቱ እንደወሰደበት ለመለየት ይቸገራል።

በአሜሪካ የፌዴራል ኮሙኒኬሽንስ ኮሚሽን ያወጣው መመሪያም ያልተጠበቀ ግፊት ፈጥሯል። ኮሚሽኑ ከ150 እስከ 512 ሜጋኸርዝ ባለው ክልል የሚሠሩ ፈቃድ ያላቸው ተጠቃሚዎች እስከ ጃንዋሪ 1 ቀን 2013 የቻናላቸውን ስፋት ከ25 ወደ 12.5 ኪሎኸርዝ እንዲያጠቡ አዘዘ። መመሪያው በጠበበው ቻናል በአናሎግ መቀጠልን አልከለከለም። ይሁንና አዲስ ሬድዮ መግዛት ካልቀረ ብለው ወደ ዲጂታል የተሻገሩ አነስተኛ ወረዳዎች ጥቂት አይደሉም። ወደ 700 እና 800 ሜጋኸርዝ የተዛወሩትም በተራራና በደን የሚጓዘው ሞገዳቸው ስላጠረ በቀድሞው የማማ ቁጥር ያንኑ አካባቢ መሸፈን አልቻሉም። የማማ ዋጋ ደግሞ ከሬድዮው ጋር አብሮ በጀት ካልተያዘለት በኋላ የሚገኝ አይደለም።

ይህ ሲባል ግን አናሎጉ እንከን አልነበረበትም ማለት አይደለም። ከኩዊንሱ ቃጠሎ ስድስት ወር በኋላ፣ ሴፕቴምበር 11 ቀን 2001 በኒውዮርክ የዓለም ንግድ ማዕከል ላይ ጥቃት ሲደርስ የከተማዋ እሳት አደጋ ሠራተኞች የያዙት አሮጌዎቹን የአናሎግ ሬድዮዎች ነበር። የአሸባሪዎቹን ጥቃት የመረመረው ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2004 ባወጣው ሪፖርት ሬድዮዎቹ በረጃጅሞቹ ሕንፃዎች ውስጥ በሚገባ አለመሥራታቸውንና ቻናሉ በጥሪ መጨናነቁን ገልጿል። ከ1993ቱ የቦምብ ጥቃት በኋላ በማዕከሉ የተተከለው ሞገድ አጠናካሪ መሣሪያ ቢኖርም፣ በሰሜኑ ሕንፃ የነበሩት ኃላፊዎች ሲሞክሩት ሁለተኛው ማብሪያ ባለመጫኑ የተበላሸ መስሏቸው ትተውታል። በደቡቡ ሕንፃ ግን አገልግሏል። በዕለቱ 343 የመሥሪያ ቤቱ ባልደረቦች ሕይወታቸውን አጥተዋል። የሬድዮው ጉድለት ከሞቱት ውስጥ ለስንቱ ምክንያት እንደሆነ መናገር አይቻልም፤ ነገር ግን ሕንፃውን ለቃችሁ ውጡ የሚለው ትእዛዝ ያልደረሳቸው ሠራተኞች እንደነበሩ ሪፖርቱ መዝግቧል።

ከጥቃቱ በኋላ በነበሩት ዓመታት መሥሪያ ቤቱ የወሰደው እርምጃ ብዙዎች ከጠበቁት የተለየ ነበር። የተሰበሰቡት ዲጂታል ሬድዮዎች በአናሎግ ስልት እንዲሠሩ ተደርገው ለሠራተኞች ተመለሱ። በተጨማሪም አንድ ሰው ተሸክሞት ወደ ሕንፃው የሚገባ 45 ዋት ኃይል ያለው የአዛዥ ሬድዮ ተዘጋጀ። ማማው ወደ ሕንፃው ካልገባ ጠንካራውን ሬድዮ ወደ ሕንፃው ማስገባት የሚለው ይህ አሠራር እምብዛም የረቀቀ ቴክኖሎጂ አይደለም። የሠራው ግን ችግሩ ባለበት ቦታ ነው።

በለንደን የታየው ክፍተት ከምድር በታች ነበር። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 1987 በኪንግስ ክሮስ ጣቢያ በተነሣ እሳት 31 ሰዎች ከሞቱ በኋላ የተካሄደው ምርመራ በምድር ውስጥ ባቡር ጣቢያዎች ያለው የሬድዮ ግንኙነት እንዲሻሻል አሳስቦ ነበር። ብሪታንያ ኤርዌቭ የተባለውን ዲጂታል የፖሊስ ኔትወርክ ዘርግታ ባጠናቀቀችበት በ2005 ዓመት፣ ጁላይ 7 ቀን፣ 52 ሰዎች የተገደሉበት የቦምብ ጥቃት በደረሰ ጊዜም ኔትወርኩ በዋሻዎቹ ውስጥ አይሠራም ነበር። በመሆኑም መልእክት በእግረኛ እየተመላለሰ ይደርስ ነበር። የለንደን ምክር ቤት ኮሚቴ በቀጣዩ ዓመት ባወጣው ሪፖርት ምክሩ ለ18 ዓመታት ሳይፈጸም መቆየቱን በጠንካራ ቃል ወቅሷል። ኤርዌቭ ወደ ዋሻዎቹ የተዘረጋው ከዚያ በኋላ ነው።

በኖርዌይ ደግሞ የሽግግሩ ግማሽ መንገድ ራሱ አደጋ ሆኗል። ጁላይ 22 ቀን 2011 በኦስሎና በኡቶያ ደሴት 77 ሰዎች በተገደሉበት ጥቃት ወቅት አዲሱ ዲጂታል ኔትወርክ ኦስሎ ገብቶ ነበር፤ ኡቶያ ወደምትገኝበት የፖሊስ አስተዳደር ግን አልደረሰም። ከዋና ከተማዋ የተነሣው ልዩ ኃይል የያዘው ሬድዮ ሽፋኑ ካበቃበት ሥፍራ በኋላ አላገለገለም፤ የአካባቢው ፖሊስ በበኩሉ የያዘው አሮጌውን የአናሎግ ሬድዮ በመሆኑ ሁለቱ በተንቀሳቃሽ ስልክ ለመገናኘት ተገደዋል። ኔትወርኩ በመላ አገሪቱ የተጠናቀቀው በ2015 መጨረሻ ነው።

በርካታ ትውልደ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩባትና በየዕለቱ በምድር ውስጥ ባቡሯ በሚመላለሱባት በዋሽንግተን ጃንዋሪ 12 ቀን 2015 የደረሰው አደጋም ተመሳሳይ ጥያቄ አስነሥቷል። ከላንፋን ፕላዛ ጣቢያ የተነሣ ባቡር በጭስ በተሞላ ዋሻ ውስጥ ቆሞ አንዲት ተሳፋሪ ስትሞት 91 ሰዎች ተጎድተዋል። ለእርዳታ የገቡት እሳት አደጋ ሠራተኞች ሬድዮ ከምድር በታች በሚገባ ባለመሥራቱ በተንቀሳቃሽ ስልክና ሰው በሰው እየተቀባበሉ መልእክት አስተላልፈዋል። ከሁሉ የሚያስቆጨው በጣቢያው የሬድዮው ሞገድ እንደማይሠራ በሙከራ የታወቀው ከአደጋው ጥቂት ቀናት ቀደም ብሎ መሆኑ ነው። ጉድለቱ ተመዝግቦ ሪፖርት ተደርጎ ነበር፤ የተጠገነ ግን አልነበረም። የእሳት አደጋ መከላከያው ሬድዮ የከተማዋ፣ በዋሻው ውስጥ ሞገዱን የሚያሠራጨው መሣሪያ ደግሞ የባቡር ድርጅቱ በመሆኑ የኃላፊነት መከፋፈሉ መዘግየትን ጋብዟል።

አሁን በብዙ የአሜሪካ ከተሞች የሚሠራበት የእሳት አደጋ መከላከያ ሕግ በአዳዲስ ሕንፃዎች ውስጥ በእያንዳንዱ ፎቅ 95 በመቶ በሚሆነው ሥፍራ የአደጋ ጊዜ ሬድዮ እንዲሠራ ያስገድዳል። ካልሠራ የሕንፃው ባለቤት ሞገድ አጠናካሪ በራሱ ወጪ ይተክላል። ይህ ድንጋጌ ሽፋንን ከቴሌኮሙኒኬሽን ጉዳይነት ወደ ሕንፃ ሕግ ያዛወረ በመሆኑ ከብዙ ማማ ይልቅ ጠቃሚ ሊባል ይችላል። ለአሮጌ ሕንፃዎች ግን አፈጻጸሙ ከከተማ ከተማ ይለያያል። ጥንቃቄ የመረጡ መሥሪያ ቤቶች በበኩላቸው ለመላክና ለመጥራት ዲጂታሉን ኔትወርክ፣ በቃጠሎው ሥፍራ ለሚደረገው ንግግር ደግሞ ያለ ማማ የሚሠራውን ቀጥታ የአናሎግ ቻናል ይዘው ቀጥለዋል።

ጥያቄው በዚህ አላበቃም። በአሁኑ ወቅት አገሮች ከዲጂታል ሬድዮ ወደ ተንቀሳቃሽ ስልክ ኔትወርክ ሌላ ሽግግር ጀምረዋል። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2012 በሕግ ያቋቋመችው ፈርስትኔት የተሰኘው ኔትወርክ ሥራ ላይ ነው። ብሪታንያ በበኩሏ ኤርዌቭን በአራተኛው ትውልድ የስልክ ኔትወርክ ለመተካት ያወጣችው ዕቅድ በተደጋጋሚ ተራዝሟል፤ በ2019 ይዘጋል የተባለው ኤርዌቭ አሁን እስከ 2029 እንዲያገለግል ታስቧል። ከመዘግየቱ ምክንያቶች አንዱ በገጠር፣ በዋሻዎችና በአየር ላይ የሚኖረውን ሽፋን ቢያንስ ከነባሩ ጋር እኩል ማድረግ አስቸጋሪ መሆኑ ነው። አንድ ተራ ስልክ የሚያሰራጨው ኃይል 0.2 ዋት ያህል ሲሆን፣ ያለ ማማ ስልክ ከስልክ የሚደረገው ግንኙነትም በርቀት ከእጅ ሬድዮው ገና አልደረሰም። በዚህም ምክንያት ፈርስትኔትን የሚጠቀሙ የአሜሪካ እሳት አደጋ ሠራተኞች ስልኩን ለካርታና ለምስል ይይዙታል፤ ወደሚቃጠል ሕንፃ ሲገቡ ግን ሬድዮውን ከደረታቸው አላወረዱም።